6,000 ተከታይ አለን፤ በርበሬውን የሚገዛን ግን የለም

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ወንድሜ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከእህቴ ጋር ባልትና እሠራለሁ። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ እንሸጣለን። የወንድሜ ልጅ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና ቴሌግራም ከፍቶልናል። ቲክቶክ ላይ 6,000 ተከታይ ደርሰናል። ላይኩና ‹ማሻአላህ፣ እጃችሁ ይባረክ› የሚለው ብዙ ነው፤ የሚገዛ ግን የለም ማለት ይቻላል። አሁን አንድ ልጅ ‹8,000 ብር ስጡኝና ቡስት ላድርግላችሁ፣ ተከታያችሁንም 20,000 አስገባለሁ› ይለናል። እንክፈለው? ወይስ ይሄ ሶሻል ሚዲያ ለእኛ ዓይነት ሥራ አይሆንም?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አትክፈሉት። ሶሻል ሚዲያው ግን ለእናንተ ሥራ ይሆናል። የያዛችሁት በተሳሳተ በኩል ነው እንጂ።

ከተከታዩ ልጀምር። ልጁ አስገባለሁ የሚላቸው 20,000ዎቹ በጅምላ የተከፈቱ፣ ባለቤት የሌላቸው አካውንቶች ናቸው። በርበሬ አይገዙም። ጉዳቱ ደግሞ በገንዘቡ ብቻ አያበቃም። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ አዲስ ቪዲዮ ስትለቂ መጀመሪያ ለጥቂት ሰው ያሳይና ምላሹን ይጠብቃል። ሰው እስከ መጨረሻው ካየው፣ ኮመንት ከጻፈበት፣ ለጓደኛው ከላከው ለሌላ ሰው ያሳያል። ዝም ካለ እዚያው ይቀራል። ገጽሽን በሙት አካውንት ከሞላሽው እውነተኛዎቹ ደንበኞችሽም ቪዲዮሽን የማየት ዕድላቸው ይቀንሳል። ገንዘብ ከፍሎ ራስን መደበቅ ይሉሻል ይሄ ነው።

ቡስት ሌላ ነገር ነው። እሱ የምር ማስታወቂያ ነው፤ ከፍለሽ ገጽሽን ለማያውቁ ሰዎች ታሳያለሽ። ችግሩ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው። የዶላር ካርድ ስለሌለን መሃል ላይ አንድ ሰው እናስገባለን፤ እሱም ምንዛሪውን እንደፈለገ ይተምናል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ስለዚህ ድሮ ለአንድ ወር ማስታወቂያ ይበቃ የነበረ ብር አሁን ለሁለት ሳምንት ቢደርስ ነው። ከ8,000 ብሩ ስንቱ ፌስቡክ ጋ እንደደረሰ፣ ስንቱ ልጁ ኪስ እንደቀረ ደረሰኙን ካላየሽ አታውቂም።

ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው። ዛላው፣ ቅመሙ፣ ወፍጮው፣ ማሸጊያው ሁሉ ተቀንሶ ከአንድ ኪሎ በርበሬ 80 ብር ታተርፋላችሁ እንበል። 8,000 ብሩን ለመመለስ ብቻ 100 ኪሎ መሸጥ አለባችሁ። ትርፍ ከዚያ በኋላ ነው። ለመሆኑ 100 ኪሎ በአንድ ሳምንት ቢታዘዝ ሁለት እህትማማች ቀንጥሳችሁ፣ አጥባችሁ፣ ደልዛችሁ፣ አድርቃችሁ ታደርሱታላችሁ? ያውም በደሴ ጉም? (ለማድረቁ የኮምቦልቻ ፀሐይ ይሻላል። ይህን የምለው እዚህ ስለምኖር ብቻ አይደለም።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። 6,000 ሰው እያየ ለምን አይገዛም?

ቲክቶክ ቪዲዮን የሚያሳየው ለጎረቤት ብቻ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ነገር ማየት ለሚወድ ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ያሳየዋል። ገጹ ላይ አናሊቲክስ የሚለውን ክፈቺና ተመልካቾችሽ የት እንዳሉ እዪ። ግማሹ ሐዋሳ፣ ጅዳ ወይም አሜሪካ ቢሆን አይግረምሽ። ሰውዬው በርበሬሽን ወዶታል። ግን ስንት እንደሆነ አያውቅም፣ እንዴት እንደሚደርሰው አያውቅም፣ ማን ጋ እንደሚደውል አያውቅም። ማሻአላህ ከማለት ሌላ ምን ያድርግ?

እኔ ብሆን አንድ ወረቀት አወጣና የሚገዛኝን ሰው እጽፍበት ነበር። ደሴ ውስጥ አብዛኛው ቤት በርበሬውን ራሱ ያዘጋጃል፤ እናት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች። ለዚያ ቤት ብትለፈልፊ ትርፉ ድካም ነው። የሚገዛሽ ጊዜ የሌለው ሰው ነው። ባንክ የምትሠራ፣ ሆስፒታል ተረኛ የምታድር ነርስ፣ አስተማሪ፣ ብቻውን የሚኖር ወንደላጤ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ዙሪያ ሦስትም አራትም ሆነው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች አሉ። እነዚህ ኪሎ አይገዙም። ሩብ ኪሎ በርበሬና ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉትም ደመወዝ ሲወጣ ነው። ትንሽ ማሸጊያ ካላዘጋጀሽ እነሱን አታገኚያቸውም።

ሌላው፣ ምናልባትም ትልቁ ደንበኛሽ፣ እዚህ የለም። ወሎ ነው ያለሽው። ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ኩዌት ልጅ ወይም እህት የሌለው ቤት ስንቱ ነው? ጅዳ ያለችው ልጅ በዓል ሲደርስ ለእናቷ ገንዘብ ትልካለች። ገንዘቡ ደግሞ ለሌላ ነገር ይውላል፤ እናትየው ለራሷ አትገዛም። እቃው ራሱ ቤት ድረስ ቢደርስላት ትመርጣለች። «ክፍያው ከውጭ፣ እቃው ደሴ እናትሽ ቤት» የሚል አንድ ቪዲዮ ሥሪ። እህትሽ ፌስታል ይዛ በር ስታንኳኳ፣ እናትየው ስትቀበል የሚያሳይ ይሁን፤ ፊታቸውን ለማሳየት ግን አስፈቅዱ። ያንን ቪዲዮ ቲክቶክ ጅዳ ላለችው ልጅ ካሳያት፣ እስካሁን ከንቱ የመሰለሽ የሩቅ ተመልካች ገዢ ሆነ ማለት ነው። ለእነዚህ ደንበኞች ዋትስአፕ ቢዝነስን ጫኚ፤ ነፃ ነው። የእቃ ዝርዝርሽን ከነፎቶና ዋጋው ውስጡ ማስቀመጥ ይቻላል። አንቺ ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ሳለሽ ለሚጽፍም ራሱ ሰላምታ ይመልስልሻል።

አራት ቦታ መበተኑን ግን ተዉት። ሁለት ሴቶች ባልትና እየሠራችሁ አራት ገጽ በደንብ መያዝ አትችሉም። ቲክቶክ ሰው እንዲያገኛችሁ፣ ቴሌግራም ያገኛችሁ ሰው እንዳይጠፋ፣ በቃ። ፌስቡኩ አድራሻና ስልክ ይዞ ይቀመጥ፤ ሰው ስማችሁን ሲፈልግ እንዲያገኘው። ኢንስታግራሙን እርሱት።

ቴሌግራምን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ቻናልሽ ውስጥ የገባ ሰው የለጠፍሽው ሁሉ ይደርሰዋል፤ ለማን ላሳይ ለማን ልተው የሚል ማሽን መሃል የለም። በዚያ ላይ ፎቶና ጽሑፍ እንደ ቪዲዮ ብዙ ዳታ አይበላም። ስለዚህ የገዛሽን ሰው ሁሉ፣ ሱቅ መጥቶ የገዛውንም፣ ቻናሉ ውስጥ አስገቢ። ማሸጊያው ላይ የቻናሉን ስም አትሚ። 200 የገዙ ሰዎች ያሉበት ቻናል ከ6,000ው ይበልጥብሻል፤ ምክንያቱም እነዚህ በርበሬሽን ቀምሰዋል። በርበሬ ደግሞ ያልቃል። የባልትና ሥራ ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ግዢ ላይ ነው።

ምን እንለጥፍ ካልሽኝ፣ ሰው የሚፈራውን አሳዪ። ስለ በርበሬ የሚወራውን ታውቂዋለሽ። የሸክላ ዱቄት ተቀላቅሎበት፣ ቀለም ገብቶበት፣ የሻገተ ዛላ ተፈጭቶ። የሚገዛው ሰው ፎቶሽን ሲያይ የሚያስበው ይህንን ነው። የተከፈለ ማስታወቂያ ይህን ፍርሃት አያጠፋውም። ዛላው ከጆንያ ሲወጣ፣ የበሰበሰው ተለይቶ ሲጣል፣ ስትቀነጥሱት፣ ስታጥቡት፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ሲገባ፣ ኮረሪማው ሲታመስ፣ ወፍጮው ላይ ራሳችሁ ቆማችሁ ስታስፈጩ። እያንዳንዱ አንድ አጭር ቪዲዮ ነው። የምትጥሉትን ዛላ አሳዩ! ብዙ ሰው የሚያሳየው የሚያምረውን ብቻ ነው። የተጣለውን ያየ ደንበኛ ግን የቀረውን ያምናል።

ድምፁ የእናንተ ይሁን። ዘፈን አትጫኑበት፤ የሙቀጫው ድምፅ ይበልጣል። የደሴ ወሬ ሲሆን ደግሞ በወሎኛ ለዛችሁ አውሩ፤ «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን» የሚል የሬዲዮ አማርኛ አያስፈልግም። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ የተነሣ በርበሬ ቡናማ ይመስላል፤ ረፋድ ላይ መስኮት አጠገብ ወይም ደጅ አንሡት። ቪዲዮ መጫኑን ለሌሊት ፓኬጅ ብትተዉት ወጪው ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን እንዳትሉ። «ለጨጓራ ፍቱን፣ ለስኳር ፈዋሽ» የሚል ወሬ አትጀምሩ። በሶ በሶ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ከአዋጁም በፊት ደንበኛው ይታዘባችኋል።

አሁን ስለ ዋጋ። ገጻችሁን አየሁት ብዬ ልገምት፦ «ዋጋ በኢንቦክስ» ይላል አይደል? ሁሉም ስለሚጽፈው ነው። እኔ በዚህ ነገር ትዕግሥት የለኝም። ዋጋ የደበቀ ሱቅ ውድ ነው ብሎ ነው ሰው የሚያልፈው። ሌላው ደግሞ መጠየቅ ያፍራል፤ ከጠየቀ በኋላ አልገዛም ማለት ይከብደዋላ። ነጋዴው የሚሰጠውን ምክንያት አውቃለሁ። ተወዳዳሪ ያያል፣ ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ተወዳዳሪሽ ዋጋሽን ማወቅ ከፈለገ ልጁን ልኮ ሩብ ኪሎ ያስገዛል፤ አትደብቂውም። ለመለዋወጡ መፍትሔው ቀን መጻፍ ነው። «ከኅዳር 1 እስከ 15 የሚሠራ ዋጋ» ብለሽ ቴሌግራሙ ላይ ፒን አድርጊው። ዛላው በብዛት የሚገባው ከጥቅምት ወዲህ ባሉት የበጋ ወራት ስለሆነ፣ ያኔ ዋጋው ሲወርድ አንቺም አውርጂና ለምን እንደወረደ ጻፊ። ሲወደድም እንዲሁ። ሰኞ ገበያ ላይ ዛላው ስንት እንደሆነ በየሳምንቱ የምትጽፍ ባልትና ሠሪ ብትኖር እኔ ራሴ እከተላት ነበር፤ በርበሬ ባልገዛም።

አድራሻውን ደግሞ የባጃጅ ሹፌር በሚገባው መንገድ ጻፊው። የቀበሌና የቤት ቁጥር ማንንም አያደርስም። ከየትኛው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ የትኛው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት እንደሆነ ይጻፍ። ጉግል ካርታ ላይም ሱቃችሁን መዝግቡ፤ በነፃ ነው።

ስለ ማድረስም ቁርጥ ያለ ነገር ይኑራችሁ። ደሴ ውስጥ በባጃጅ፣ ኮምቦልቻ በሚኒባስ፣ አዲስ አበባ በአውቶብስ። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ቀኑን ሙሉ ስላለ ኮምቦልቻን በየቀኑ ማድረስ ይቻላል ብላችሁ እንዳትጀምሩ፤ ለሩብ ኪሎ በርበሬ መኪና ማሯሯጥ ያከስራል። በሳምንት ሁለት ቀን መርጣችሁ፣ ትእዛዙን ሰብስባችሁ ላኩ። ደንበኛው ቀኑን ካወቀ ይጠብቃል። የላካችሁበትን መኪና ታርጋና የረዳቱን ስልክ ለተቀባዩ ጻፉለት። ለውጭ የሚሄደውን ድርብ አሽጉት፤ ሻንጣ ውስጥ የፈሰሰ በርበሬ ስማችሁን ከእነ ልብሱ ነው የሚያበላሸው። ማሸጊያው ላይ ምን እንደሆነ፣ ክብደቱ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ።

ፍጥነትን አትናቂው። ትናንት ማታ የጠየቀ ሰው ዛሬ ከሰዓት ሲመለስለት ከሌላ ገዝቷል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጣጂ አልልሽም። ጠዋት፣ ምሳ ሰዓትና ማታ ብቻ፣ ግን ሁልጊዜ። ከሁለታችሁ አንዷ ይህን ሥራዬ ብላ ትያዘው፤ የሁለቱ ሲሆን የማንም አይሆንም።

ክፍያ ላይ ተጠንቀቁ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ቀብድ መቀበል ቀሏል፤ አጭበርባሪውም አብሮ ቀልጥፏል። «ከፍያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት የሚልክ ሰው እቃ አይውሰድ። ስክሪንሾት ይሠራል፣ ይቀባል፣ የትናንቱ ዛሬ ይላካል። ከግለሰብ ቁጥር የሚመጣ «ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክትም አለ። በራስሽ ስልክ ሒሳብሽን ከፍተሽ ገንዘቡን ሳታዪ ምንም ነገር ከሱቅ አይውጣ። ደንበኛው ቢቆጣ ይቆጣ። እውነተኛ ደንበኛ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል።

በዓላትን በተመለከተ የደሴ ሰው ዕድለኛ ነው፤ የሁለቱንም እምነት ገበያ ያውቃል። ጾም ሲገባ ሽሮ፣ ረመዳን ሲገባ የሾርባና የሳምቡሳ ቅመም። በ2017ም በ2018ም ረመዳንና ዐቢይ ጾም የካቲት ላይ በቀናት ልዩነት ነው የገቡት፤ ሥራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተደራረበ። በ2019 ግን የጨረቃዋ ነገር እንዳለ ሆኖ ረመዳን ሊያልቅ ሲል ነው ሁዳዴ የሚገባው። አንድ የተጨናነቀ ወር የነበረው ሁለት ወር ይሆንላችኋል። ትእዛዝ መቀበል የምትጀምሩት ከጾሙ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ይሁን። ዋዜማው ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ የሚጠቅመው ቀድሞ ላዘጋጀ ተወዳዳሪ ነው።

እዚህ ክልል የምንኖር ሰዎች ልንረሳው የማይገባ ሌላ ነገር አለ። በ2015 የካቲት ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገድበው ለአምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አልከፈት አሉ። ሐምሌ ላይ ተከፈቱ ስንል በዚያው ክረምት የክልላችን የአማራ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ እሱም ብዙ ወር ዘለቀ። ቻናል ብቻ የነበረው ነጋዴ ደንበኞቹን ማግኛ አጣ። የቴሌግራም ቻናል የተመዝጋቢውን ስልክ አያሳይሽም፤ ስለዚህ ደብተር ያዢ። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ምን እንደገዛ፣ መቼ እንደገዛ። ዳታ ቢጠፋም ኤስኤምኤስና ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ከሁለት ወር በፊት ሁለት ኪሎ በርበሬ የወሰደች ሴት አሁን ሳያልቅባት አይቀርም። «እንዴት ነሽ፣ በርበሬው አለቀ ወይ?» ብለሽ ደውዪላት። ከማንኛውም ቡስት ይህ ይሸጣል።

ይህን ሁሉ ይዛችሁ ሦስት ወር ከሠራችሁ በኋላ ቡስት ማድረግ ካማራችሁ አልከለክልም። ያኔ በትንሽ ብር ሞክሩት። ከደሴ ዙሪያ 30 ኪሎ ሜትር የሚል ክልል ምረጡ፤ ኮምቦልቻንም ሐይቅንም ይይዛል። ዓላማው ላይክ ሳይሆን መልእክት የሚያስልክ ይሁን። በደንብ የሸጠላችሁን ቪዲዮ ምረጡ፤ ያልተወደደን ቪዲዮ ገንዘብ አያስወድደውም። የከፈለላችሁን ሰው የፌስቡኩን ደረሰኝ ጠይቁት። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ያልጠየቅሽኝ። ገጾቹን የከፈተው የወንድምሽ ልጅ ነው ብለሻል። በማን ስልክ ቁጥርና በማን ኢሜይል ነው የከፈታቸው? ልጁ ነገ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፣ ስልኩ ይጠፋል፣ ወይም ሲሙን ይቀይራል፤ ያኔ ገጹ አብሮት ይሄዳል። ዛሬውኑ ቁጭ በሉና ሁሉንም ወደ አንቺ ቁጥር አዛውሩ። የፌስቡኩ ገጽ ላይ አንቺና እህትሽ ሙሉ አስተዳዳሪ ሁኑ። የቴሌግራሙን ቻናል ባለቤትነትም ያስተላልፍልሽ፤ አድሚን ማድረጉ ብቻ አይበቃም። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከንግድ ፈቃዱ ጋር አንድ ላይ ቆልፉበት።